ለስኳርና ለኮሌስትሮል የሚሆን አጃ፦ ደሴ ላይ የቱን ልግዛ?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ተመርምረው ስኳራቸውም ኮሌስትሮላቸውም ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት አጃ እንዲመገቡ መክሯቸዋል። የቱን አጃ እንደሆነ ግን አልነገረንም። ሱቅ ውስጥ በካርቶን የታሸገ ከውጭ የመጣ ጠፍጣፋ አጃ አለ፤ በትንንሽ ከረጢት ሆኖ ሙቅ ውሃ ብቻ የሚፈልግ ባለ ጣዕምም አለ። ሰኞ ገበያ ደግሞ የአገራችን አጃ በዱቄትም በሽርክትም ይሸጣል። ለአባቴ የሚሻለው የቱ ነው? ከየትስ ልግዛ?

የጦሳ ልጅ
ዱቄቱን አይንኩት! ከአንድ መደብር በላስቲክ የታሸገ የአጃ ዱቄት ገዝተን አጥሚት ብንሠራ፣ ምሬቱ ከጉሮሮ የማይወርድ ሆነ። መልሰን ብንወስደው «የአጃ ጠባዩ ነው» አሉን። በማርም በወተትም ሞከርነው፤ የሚሽር ምሬት አልነበረም።

ከሸዋበር
የትኛው መደብር ነው? እኛም እንድንጠነቀቅ ንገረን እንጂ።

የጦሳ ልጅ
ስም መጥራት አልፈልግም። ዱቄት የምትገዙ ሁሉ ግን ቀምሳችሁ ግዙ፤ የማያስቀምስ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ትታችሁ ውጡ።

የኮምቦልቻ እናት
እኛ ያጋጠመን ደግሞ ገብስ የተቀላቀለበት ነው። አራስ ልጄ አጥሚቱን ስትጠጣው ገና በጠረኑ አወቀችው። ለአራስ ከሆነ አጃውን ራሳችሁ ለቅማችሁ፣ አምሳችሁ አስፈጩ። ወተትና ማር፣ ትንሽ ቅቤም ጨምሩበት።

የቧንቧ ውሃ ሰው
ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኛ ሰፈር ያለው ወፍጮ ቤት ሂዱ። ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ የምናስፈጨው እዚያ ነው። ሰውየው የሚያመጣው አጃ ከደጋ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም ያስታግሳል።

የቦርከና ጎረቤት
ወፍጮ ቤቱ ሐኪምም ቀጥሯል ማለት ነው? ጠያቂዋ ስለ አባቷ ስኳር ጠየቀች፤ የተመለሰላት ስለ አራስ ቅቤና ስለ አያት ወፍጮ ነው።

የቧንቧ ውሃ ሰው
ወንድሜ፣ የማታውቀውን ቤት አትዝለፍ። ቤተሰባችን በሙሉ በዚያ ዱቄት ነው ያደገው።

ከሆጤ
የረመዳን ሾርባ የምትሠሩ ካላችሁ ሽርክቱን ግዙ። በዱቄት የተሠራ ሾርባ ሙጫ ይሆናል።

የምግብ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ከሆጤ የመጣው ምክር ለሾርባ ቢሆንም ለአባትሽም ይሠራል።

አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር አለው። ሆድ ውስጥ ይወፍርና ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ለኮሌስትሮል የሚመከረው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። 40 ግራም ደረቅ አጃ የዚህን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ የጠዋቷ ሳህን ብቻዋን አትበቃም፣ ማታ ሾርባው ይጨመር። ገብስም ይህ አሰር አለው።

ልዩነቱ በአዘገጃጀቱ ነው። ቅንጣቱ በደቀቀ መጠን ሆድ ውስጥ ቶሎ ይፈጫል፣ ስኳርም ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ ሽርክቱ ይቀድማል፤ ቅንጬ አድርገሽ ሥሪላቸው። የካርቶኑ ጠፍጣፋ አጃ ሁለተኛ ነው፤ ስኳር ያልተጨመረበት መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቢ። የከረጢቱን ግን ለአባትሽ አትግዢ፤ አብዛኛው ስኳርና ጨው የተጨመረበት ነው። ውድ መሆኑ ጤናማ አያደርገውም። አጥሚቱም ቢሆን ለእርሳቸው ማርና ስኳር አይጨመርበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የምግብ ለውጡን ለሐኪማቸው ንገሩ።

የጦሳ ልጅ፣ ስለ ምሬቱ፦ አጃ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ቅባት አለው። ሳይታመስ ከተፈጨ ቅባቱን የሚሰብረው ኢንዛይም ሥራውን ይጀምርና ዱቄቱ ይመራል። ፋብሪካዎች አስቀድመው በእንፋሎት የሚያሞቁት ለዚህ ነው፤ እናቶቻችን የሚያምሱትም ለዚሁ።

የጦሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልን። ታዲያ ጠባዩ ነው ያሉኝ ሐሰት ነበር!

ጠያቂ (ደሴ)
በጣም አመሰግናለሁ። ሽርክቱ ለመብሰል ምን ያህል ይፈጃል? ጠዋት ወደ ሥራ እቸኩላለሁ።

የምግብ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)
ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከእኛ ከኮምቦልቻ ይልቅ መብሰሉ ትንሽ ይዘገያል። ማታ ዘፍዝፈሽው እደሪ።

ከሸዋበር
ሰኞ ገበያ ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ገለባ የበዛበት ነው።

የቧንቧ ውሃ ሰው
ሽርክትም እኛ ወፍጮ ቤት አለ። እኔ ሌላ ቦታ አልሄድም።

የኮምቦልቻ እናት
ለአራስ ግን ዱቄቱ ነው የሚሻለው አይደል?