ደረሰኝ የሌለውን ወጪ በጀት ላይ እንዴት ላሳይ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ለእውቅና እድሳት የሚከፈለው ክፍያ በጀት ላይ ስላለ አያከራክርም። የጨነቀኝ ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ ማለትም ለተቆጣጣሪዎች ሪፖርት ሲዘጋጅ የሚያልቀው የሠራተኛ ሰዓት ነው።

ሬጅስትራሯን ተመልከቱ። የተማሪውን ቁጥር በጾታ፣ በትምህርት ክፍልና በዓመት ከፋፍላ ለአንዱ ተቆጣጣሪ ትልካለች። ሌላው ደግሞ ያንኑ ቁጥር በራሱ ቅጽ ይፈልጋል፤ የሚቆጠርበት ቀንም የተለየ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይገጥሙም። ለምን እንዳልገጠሙ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል! የግምገማ ሰሞን መምህራኑም ማስረጃ ፍለጋ ፋይል ሲያገላብጡ ይውላሉ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ራሱን የቻለ ቢሮ አላቸው፤ ወጪውም ለብዙ ተማሪ ይከፋፈላል። እኛ ጋ ሪፖርቱ ያው ነው፣ ተማሪው ግን ጥቂት።

አመራሩ «ደሞዛቸው እንደሆነ ይከፈላል፣ ምን ተጨማሪ ወጪ አለ?» ይለኛል። ሠራተኛውን ሰዓት መዝግቡ ብል፣ ሌላ ቅጽ ጨመርክብን ሊሉኝ ነው። እውነታቸውን ነው።

ይህን ያሰላ ሰው አለ? ሰዓቱን በግምት መያዝ አመራርን ያሳምናል ወይስ የግድ መመዝገብ አለበት? በዚህ ምክንያት የሚቀረውን ሥራ፣ ለምሳሌ ተማሪ ማማከሩን፣ በምን ቆጠራችሁት? የተጠቀማችሁበት ሠንጠረዥ ካለ ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።