ልጄን የዶልፊን ትርኢት ልውሰዳት ወይስ ይቅር?

የሐና እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዓረብ አገር ነው። ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለልደቴ ዶልፊን አሳዪኝ ብላ አስጨንቃኛለች። ቲኬት ልቆርጥ ስል አብራኝ የምትሠራ ልጅ ጃፓን ውስጥ ታይጂ በምትባል ከተማ እንዴት እንደሚያዙ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን እኛም በግ አርደን እንበላለን እኮ። ጃፓኖቹን ምን ብለን ነው የምንወቅሳቸው? እውነቱን ንገሩኝ።

የጣና ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ ዓሣ እያሰገርኩ ነው ያደግኩት። ከባሕር የሚኖር ሰውን እንጀራ በሩቅ ሆኖ መኮነን ይከብደኛል። ታይጂዎች ዓሣ ነባሪ ማደን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ ነው። እናንተ በሬ ስትጥሉ ማን ጠየቃችሁ ቢሉን መልስ አለን? እኔ የለኝም።

ሰላማዊት፦
ወንድሜ፣ የበሬው ጥያቄ ትክክል ነው፤ እኔም በእሱ ምክንያት ሥጋ ቀንሻለሁ። "ባህል ነው" የሚለው ግን አይዋጥልኝም። የዛሬው ዓይነት አደን የተጠናከረው እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያው ከተማ የዓሣ ነባሪ ሙዚየም ሲከፈት፣ በሕይወት ያሉ እንስሳት ሲፈለጉ ነው።

አያያዙን ልንገርሽ፣ የሐና እናት። ጀልባዎቹ ባሕር ላይ ተሰልፈው የብረት ቱቦ ውሃ ውስጥ ይሰዱና በመዶሻ ይደበድቡታል። ዶልፊን መንገዱን የሚያገኘው በድምፅ ስለሆነ ጩኸቱ እንደ ግድግዳ ይሆንበታል፣ እናትና ልጅ ሳይለይ መንጋው በሙሉ ወደ ጠባቧ የባሕር ዳርቻ ይሸሻል፣ ከኋላ በመረብ ይዘጋበታል። ከዚያ አሠልጣኞች ገብተው ወጣቶቹንና ጠባሳ የሌላቸውን ይመርጣሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ ይታረዳሉ። የሠለጠነ አንድ ዶልፊን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ ሥጋው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አደኑን ያቆየው የትርኢቱ ገንዳ ነው የምለው ለዚህ ነው። የጃፓን የእንስሳት ማሳያዎች ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የዓለም አቀፉ ማኅበር አባልነቱን ካገደው በኋላ፣ አባላቱ ከታይጂ እንዳይገዙ ወስኗል። ከማኅበሩ ውጭ ያለ ገዢ ግን አለ።

ዶክተር ነኝ፦
ስለ ሥጋው አንድ ነገር ልጨምር። ዶልፊን ዓሣ እየበላ ስለሚኖር ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት በሰውነቱ ይከማቻል። በሰሜን አትላንቲክ ያሉት የፋሮ ደሴቶች ሰዎችም ያድናሉ፤ ግን ለገንዳ ብለው አይዙም፣ ሥጋውን በነጻ ነው የሚካፈሉት። እነሱም ዘንድ እንኳ የጤና ኃላፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2008 የፓይለት ዓሣ ነባሪ (የዶልፊን ዘመድ ነው) ሥጋ ለሰው ምግብነት አይሁን ብለው መክረዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በአንድ ቀን ከ1,400 በላይ ዶልፊን ሲገደል ደሴቶቹ ላይ ራሱ ብዙ ሰው ተቆጥቷል፤ በዓመቱ መንግሥት ለ2022 እና ለ2023 በዓመት ከ500 ዶልፊን እንዳይበልጥ ገደብ አወጣ። ለነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥጋ በጭራሽ አልመክርም።

የጣና ልጅ፦
የሙዚየሙን ነገር አላውቅም ነበር። ለመብላት የሚያድንን ሰው አሁንም አልኮንንም። ዘመዶቹን ፊቱ አርደው እሱን ኳስ እንዲያነጥር ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄ እንጀራ አይደለም።

ሰላማዊት፦
በትክክል። የሐና እናት፣ ገንዳ ውስጥ የተወለዱም ስላሉ መጀመሪያ ደውለሽ ከየት እንዳመጧቸው ጠይቂ። እኔ ግን እዚያ የተወለደውንም አላይም። በቀን ብዙ ኪሎሜትር የሚዋኝ እንስሳ ሲሚንቶ ውስጥ ሲዞር ሲውል ልጄ "ደስ ብሎታል" ብላ እንድታድግ አልፈልግም።

የሐና እናት፦
ደወልኩ። "ከባሕር ነው" ብሎ ዘጋው ሰውየው። ቲኬቱን ትቻለሁ። ዛሬ ማታ ለሐና ልነግራት ነው፤ ስለ መዶሻው ግን አሁን አልነግራትም። ዓርብ እዚሁ ባሕሩ ዳርቻ ወስጃት በጀልባ እንሄዳለን። ከመጡ ታያቸዋለች።