የሶናሩ ምስልና የአፈር ላቦራቶሪው ውጤት አልስማማ አሉኝ፤ የባሕር ወለል ደለል እንዴት ይመደባል?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ድሬዳዋ የምኖር የካርታና የጂአይኤስ ሠራተኛ ነኝ፤ ከባሕር ጋር ያለኝ ትውውቅ በባቡር ጅቡቲ ደርሶ ከመመለስ ያለፈ አልነበረም። በቅርቡ ግን አንድ አነስተኛ የጥናት ቡድን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 35 ሜትር በሆነ ጠባብ ቦታ ላይ የሰበሰበውን መረጃ ሰጥቶኝ፣ ወለሉ የት ጭቃ፣ የት አሸዋ፣ የት ጠጠር እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ እንድሠራለት ጠይቆኛል። በእጄ ያሉት በመልቲቢም ሶናር (ብዙ የድምፅ ጨረሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ወለሉ በሚልክ መሣሪያ) የተለካ ጥልቀት፣ ድምፁ ወለሉን ነክቶ በምን ያህል ጥንካሬ እንደተመለሰ የሚያሳየው የባክስካተር ምስል፣ እንዲሁም ከወለሉ ዘግኖ በሚያወጣ የብረት መንጋጋ የተወሰዱ 38 ናሙናዎች ናቸው። ናሙናዎቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለአንድ የአፈር ላቦራቶሪ ሰጠሁ፤ ቀሪው እርጥብ እንደሆነ በላስቲክ ታሽጎ ቤት ተቀምጧል።

ችግሩ የጀመረው ሁለቱን ሳስተያይ ነው። ክረምት ብቻ ውኃ የሚያወርድ አንድ ደረቅ ወንዝ ከሚገባበት አፍ ፊት ለፊት ያለው ወለል በባክስካተሩ ላይ እጅግ ደማቅ ሆኖ ይታያል። እስካነበብኩት ድረስ ጠንካራ ድምፅ የሚመልሰው አለትና ጠጠር፣ ደካማ የሚመልሰው ደግሞ ጭቃ ነው። ይሁንና ከዚያው ደማቅ ቦታ የተወሰዱትን 6 ናሙናዎች ላቦራቶሪው «አሸዋማ ሎም» (አሸዋ የሚበዛበት፣ ደቃቅ ቅንጣትም የተቀላቀለበት አፈር) ሲል መደባቸው። ከዚህ በተጨማሪ ምስሉ ላይ ረጃጅም ብሩህ መስመሮች ይታያሉ። ሁሉንም እንዳለ ለራንደም ፎረስት ሞዴል (ከናሙናዎች ተምሮ ቀሪውን ቦታ ለሚመድብ የኮምፒውተር ስልት) ብሰጠው ያወጣልኝ ካርታ እንደ ቡራቡሬ ጨርቅ ሆነ። ሶናሩን ልመን ወይስ ላቦራቶሪውን?

ወንፊት (ሐረር)፦

ወንድሜ፣ ብዙ ዓመት በአፈር ላቦራቶሪ ስለሠራሁ በእኔ በኩል ያለውን ልንገርዎ። ላቦራቶሪው የተሳሳተ አይመስለኝም፤ የተጠየቀውን ሳይሆን የለመደውን ሠርቶልዎታል። የአፈር ናሙና ሲመጣልን አድርቀን፣ ጓሉን በሙቀጫ አድቅቀን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት እናሳልፈዋለን፤ በወንፊቱ ላይ የቀረውንም ለገበሬው ማሳ ብዙም ስለማይፈይድ ወደ ጎን እናደርገዋለን። በወረቀቱ ላይ የሚያዩት የአሸዋ፣ የሲልትና (ከአሸዋ የደቀቀ፣ ከሸክላ የሻከረ ቅንጣት) የሸክላ መቶኛ የሚሰላው ካለፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ከናሙናዎ ገሚሱ ጠጠር ቢሆን እንኳ ውጤቱ ላይ ጠጠር የሚባል ነገር አያገኙም። ዛጎልና የዛጎል ስባሪ ከነበረበት ደግሞ ሙቀጫው አድቅቆት አሸዋ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ድንበሮቹም አንድ አይደሉም። እኛ በምንጠቀምበት የአሜሪካ የአፈር ምደባ አሸዋ እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ወርዶ ሸክላ ከ0.002 በታች ይጀምራል። የባሕር ደለል አጥኚዎች ግን የጂኦሎጂ ባለሙያው ዌንትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው መለኪያ ስለሚሄዱ አሸዋው 0.063 ላይ ያበቃል፤ ሸክላው ከ0.004 በታች ያለው ነው። በ0.05 እና በ0.063 መካከል ያለው ቅንጣት እኛ ዘንድ አሸዋ፣ እነርሱ ዘንድ ጭቃ ነው ማለት ነው። «ሎም» የሚለውን ስም ደግሞ ከነአካቴው አያውቁትም፤ ሌላው የጂኦሎጂ ባለሙያ ፎክ እ.ኤ.አ. በ1954 ያዘጋጀው ሦስት ማዕዘን ሲልትና ሸክላን አንድ ላይ ጭቃ ብሎ፣ ቀሪዎቹን ሁለት ማዕዘኖች ለአሸዋና ለጠጠር ይሰጣል። በዚያ ምደባ 5 በመቶ ጠጠር ብቻ ስሙን ይለውጠዋል፤ 30 በመቶ ሲደርስ ናሙናው ራሱ ጠጠር መባል ይጀምራል።

እርጥቡን ግማሽ ስላስቀመጡ አመሰግንዎታለሁ፤ ብዙ ሰው ይደፋዋል። ጨው ደቃቁን ቅንጣት እርስ በርሱ ስለሚያያይዘው በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው እያስረጉ ያጥቡት። በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ግን አያስጡት፤ ጭቃው ጡብ ይሆንብዎታል። ሳይደርቅ በ63 ማይክሮን (0.063 ሚሊ ሜትር) ወንፊት አጥበው፣ ያለፈውንም አስረግተው ይያዙ፤ የቀረውን አድርቀው በ2 ሚሊ ሜትር ይንፉትና ሦስቱንም ይመዝኑ። ወንፊት ከግንባታ ላቦራቶሪ የሚዋሱ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ እነርሱ ጋ ያለው ደቃቁ ብዙ ጊዜ 75 ማይክሮን ነው። ኖራን ለማስወገድ አሲድ እንጨምር የሚልዎ ሰው ካለም አይፍቀዱ፤ ከኮራል ዳርቻ የመጣ ደለል ግማሽ አካሉ ኖራ ሊሆን ስለሚችል ናሙናዎ ፈልቶ ያልቅብዎታል።

ደቻቱ ማዶ (ጅቡቲ)፦

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ መጋላ ሲሆን አሁን ወደብ አካባቢ በጥልቀት ልኬት ሥራ ላይ ነኝ። የወንፊት አስተያየት ትክክል ነው፤ ሶናሩም ግን ከነጥፋቱ ነው።

በመጀመሪያ መስመሮቹን ይመልከቱ። ከመርከቧ መንገድ ጋር ትይዩ ከሆኑ ደለል አይደሉም፤ የባሕር ወለል የመርከብን መንገድ ተከትሎ አይደረደርም። ድምፅ በቀጥታ ወደ ታች ሲወርድ የሚመለሰው ጥንካሬ በአግድም ከሚሄደው ስለሚበልጥ፣ የማዕዘን እርማት ካልተደረገለት ከመርከቧ ሥር ሁልጊዜ ብሩህ ቅድ ይቀራል። በልኬቱ መሐል የመሣሪያው ኃይል ወይም ድግግሞሽ ተቀይሮ ከሆነም ሁለት ጎረቤት መስመሮች ሁለት የተለያዩ ወለሎች ይመስላሉ። ስለዚህ የተሠራውን ምስል ትተው ጥሬውን ፋይልና የልኬቱን ማስታወሻ ይጠይቁ። ይህ ሳይስተካከል ሞዴል ማሠልጠን ስሕተቱን ማስተማር ነው።

ሁለተኛው የድሬዳዋው ደረቅ ወንዝ ደቻቱ ራሱ የሚያስተምረን ነው። ጎርፍ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወደ ወንዙ የወረደ ሰው፣ የአሸዋው ፊት እንደ እንጀራ ቅጠል በሳሳ ጭቃ ተሸፍኖ፣ ጭቃውም ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ያገኘዋል። አንዱን ቅርፊት ቢያነሱት ከሥሩ ሻካራ አሸዋና ጠጠር ነው። የእርስዎ ወንዝ አፍም ከጎርፍ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ሊኖረው ይችላል። የሶናሩ ድግግሞሽ ዝቅ ባለ መጠን ስስ ጭቃውን አልፎ የሥሩን ጠጠር ሊያይ ይችላል፤ የብረት መንጋጋው ደግሞ ሁለቱንም አደባልቆ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም እውነት ተናግረው ላይስማሙ ይችላሉ።

ደግሞም የናሙናው ቦታ የጀልባዋ ጂፒኤስ የመዘገበው እንጂ መንጋጋው የነከሰበት አይደለም። በ30 ሜትር ውኃ ገመዱ ትንሽ ከተዘነበለ ነጥቡ በበርካታ ሜትሮች ይርቃል። ስለሆነም ከአንድ ፒክስል ይልቅ በነጥቡ ዙሪያ ያለውን ክብ አማካይ ይውሰዱ።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ውጤቱን ሳልናገር መቅረት አልፈለግሁም። ስድስቱን ናሙናዎች እንደተባልኩት አጥቤ መዘንኩ። አንዱ ደርቆ በጠቅላላ 412 ግራም ሲሆን ከዚያ ውስጥ 171 ግራሙ በ2 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ላይ ቀረ፤ ማለትም 41.5 በመቶ ጠጠር። አብዛኛው የተሞረደ ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቂቱ የዛጎል ስባሪ ነው። «አሸዋማ ሎም» የተባለው በፎክ ምደባ ጭቃማ አሸዋማ ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ከስድስቱ አምስቱ ተመሳሳይ ናቸው፤ ስድስተኛው ግን ጠጠር የለውም፤ ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። ጥሬውን ፋይልም አግኝቼ ማዕዘኑን ሳርም ከመስመሮቹ አብዛኞቹ ጠፉ። የቀረኝ ጥያቄ፦ 38 ናሙና ለፎክ 15 ክፍሎች ይበቃል?

ደቻቱ ማዶ (ጅቡቲ)፦

አይበቃም። አንዳንዱ ክፍል አንድ ናሙና፣ አንዳንዱ ምንም አይደርሰውም። የአውሮፓው የባሕር መረጃ መረብ ኢሞድኔት የሚጠቀምበትን አምስት ክፍል ይውሰዱ፦ ጭቃና ጭቃማ አሸዋ፣ አሸዋ፣ ሻካራ ደለል፣ ድብልቅ ደለል፣ አለት። የወንዝዎ አፍ ድብልቅ ደለል ውስጥ ይገባል። ለመፈተሻ የሚያስቀሯቸውን ናሙናዎች ሲመርጡ ከሥልጠናዎቹ ጎን ያሉትን አይውሰዱ፤ ጎረቤት ነጥቦች ስለሚመሳሰሉ ሞዴሉ ከሚገባው በላይ የተሳካለት ይመስላል። ስድስተኛው ናሙና ከደማቁ ቦታ ጠርዝ ላይ ከሆነ የቦታ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል አይጣሉት፤ ምልክት አድርገውበት ያቆዩትና ቡድኑ በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ላይ ካሜራ እንዲያወርድ ይጠይቁ።

ወንፊት (ሐረር)፦

ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር። ዛጎሉን ከድንጋዩ ለይተው ይመዝኑና በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው ዓምድ ይስጡት። መጠኑ ከጠጠር ጋር ቢቆጠርም ቀላልና ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃው እንደ ድንጋይ አያንከባልለውም። የተቀሩትን 32 ናሙናዎችም እንዲሁ ያጥቧቸው፤ ላቦራቶሪው የ2 ሚሊ ሜትሩን ወንፊት የተጠቀመው በሁሉም ላይ ነው።