«ኪች»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦
ስለ ዘመናችን ሠዓሊዎችና ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት ማንነት የተጻፈ መጣጥፍ በመተርጎም ላይ ሳለሁ ለታይታ የሚሠራ ርካሽ ጌጥን የሚመለከተው «ኪች» የሚለው የጀርመንኛ ቃል አስቸገረኝ። «ብልጭልጭ ኮተት» ብዬው ነበር፤ ነገር ግን ሠዓሊው አክብሮ የያዘውን ዕቃ እኔ በትርጉሜ ያዋረድሁት መሰለኝ። የተሻለ ቃል ይኖር ይሆን?

መልስ፣ ከሐረር፦
ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ቃሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሙኒክ ሥዕል ነጋዴዎች ዘንድ በጥድፊያ ተሠርቶ በርካሽ የሚቸበቸብ ሥዕልን ማጣጣያ ስለነበር፣ ለዚያ ዘመን «ኮተት» ቢባል አይከፋም። ሆኖም «ኮተት» እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል። ሰው ስለ ራሱ ዕቃ «ኮተቴን ሸክፌ መጣሁ» ሲል ትሕትና ነው፤ ስለ ጎረቤቱ ግድግዳ «ምን ይህን ሁሉ ኮተት ሰቀሉት» ሲል ግን ንቀት ነው። እርስዎ የያዙት ጽሑፍ የሚያነሣቸው ሠዓሊዎችም የሚሠሩት በዚሁ ልዩነት ላይ ይመስለኛል።

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ቶኒ አልበርት የሕዝቡ መልክ የተሣለባቸውን አሮጌ የሲጋራ መተርኮሻዎች ሰብስቦ ለሥራው ይጠቀማል። ሲጋራ በሰው ፊት ላይ ይተረኮስ ዘንድ የተሠራ ዕቃ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ሲታይ፣ «ኮተት» የሚለው ቃል መተርኮሻውን ትቶ መተርኮሻውን የሠራውን ሰው ልብ መግለጽ ይጀምራል። «ብልጭልጭ» ደግሞ ለዚህ ጨርሶ አይሆንም፤ ዕቃዎቹ ያረጁ ናቸውና።

እንግሊዛዊ-ናይጄሪያዊው ሠዓሊ ዪንካ ሾኒባሬ የሚጠቀምበት ደማቅ ጨርቅም እንዲሁ ነው። ንድፉ ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ባቲክ (በሰም እየተከለለ ከሚቀለም ጨርቅ) ተቀድቶ፣ በኔዘርላንድ ፋብሪካ ታትሞ፣ በምዕራብ አፍሪካ ገበያ ከተሸጠ በኋላ «አፍሪካዊ» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓውያን አፍሪካን የተከፋፈሉበትን ጉባኤ ባሳየበት «የአፍሪካ ቅርምት» በተሰኘው ሥራው፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ 14 ራስ አልባ ምስሎችን ያለበሰው ይህንኑ ጨርቅ ነው።

ለእኔ ነገሩ የሚገባኝ በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በማውቀው አንድ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ግድግዳ ላይ ነው። ከእጅ ስፌቶቹ ጎን ጽጌረዳ የታተመበት፣ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ የመጣ የብረት ሳህን ተሰቅሏል፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ ብረት ይታያል። የቤቱ እመቤት አውርደው በሻሻቸው ጫፍ ይወለውሉትና ወደ ቦታው ይመልሱታል። ይህን ሳህን ኪች የሚል ባለሙያ ሊኖር ይችላል፤ ኮተት የሚል ሰው ግን በዚያ ቤት አይገባም።

ስለዚህ «ኪች»ን እንዳለ ይተዉት፤ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «በብዛት ተመርቶ ለታይታ የሚሸጥ ርካሽ ጌጥ» ብለው ቢያብራሩት እመርጣለሁ።

ምላሽ፣ ከድሬዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንደመከሩኝ አስተካክዬዋለሁ። «ኮተት»ን ያስቀረሁት በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቅኝ ገዢው የሚናገርበት ነው።