ለጅማ ክረምት ሎደር፦ ጎማ ወይስ ቼይን?

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ ቀይ ጭቃ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ባለጎማ ሎደር (አፈር መዛቂያ ማሽን) አለ። ዝናብ ሲበረታ ባለበት ይሽከረከራል። በላስቲክ ቼይን የሚሄደው ይሻላል?

መልስ 1፦ ለጭቃ ቼይን፣ አያጠያይቅም። ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትን አይሰምጥም። ቀዩ አፈር የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ሥራው ጠጠርና አስፋልት ከበዛበት ግን ጎማ ይሁን፤ ባለበት ማዞር የቼይኑን ላስቲክ ይበላዋል።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ ማሽን ከመቀየርህ በፊት ጎማው ላይ የሚጠለቅ የብረት ቼይን አለ። የፊትና የኋላ ጎማው እንዳይነካካ ክፍተቱን ለካ።

መልስ 3፦ የላስቲኩን ከመረጥክ ሮለሮቹ (ቼይኑ የሚሄድባቸው ትንንሽ ጎማ መሳይ ክቦች) መሃል የተጠቀጠቀውን ጭቃ ማታ ማታ በአካፋ አውጣ። ካደረ ይደርቅና ሮለሩ መዞር አቁሞ በአንድ ጎን ያልቃል። የላላ ቼይን ሲታጠፍ ይወልቃል፤ በግራሶ ፓምፕ ወጥረው። ስታላላው የግራሶውን ቫልቭ ቀስ ብለህ ፍታ፣ ፊት ለፊቱ አትቁም! ግራሶው በከባድ ግፊት ነው የሚወጣው፣ ቆዳ ይበሳል።