ሰው የቀጠሮ ፎርማችንን ሳይጨርስ ይወጣል! እስከ ሰኞ ምን ላድርግ?

ሴሚኮሎን (ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡20)
እባካችሁ ቶሎ። ለአንድ የግል ክሊኒክ የኦንላይን ቀጠሮ መያዣ ሠርቼ ሥራ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሰው ይከፍተዋል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ስልክ ይደውላል። የካርድ ክፍሏ ልጅ "ሲስተማችሁ ሥራ ጨመረብኝ" ብላ ልታለቅስ ነው። ቀጠሮ የያዙትም ያለ ሰዓታቸው እየመጡ ይጣሏታል። አለቃዬ ሰኞ ጠዋት ችግሩን በቁጥር አምጪልኝ ብሎኛል። ኮዱ ምንም አልሆነም፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እኔማ ሰዉ አያነብም ነው የምለው። ለ500 ሰው "ሲስተሙን ወደዱት?" የሚል መጠይቅ በቴሌግራም ልበትን ነው። ጥያቄ የሚያዘጋጅልኝ አለ?

ሽሮ_ፈሰስ
በተኑን (መጫኛውን) አረንጓዴ አድርጊው። እኛ ጋ ሠርቷል።

መምህር_ዘመኑ
በቅድሚያ የአጠቃቀም ምቹነት (ዩዛቢሊቲ) የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ እንያዝ። አይሶ 9241-11 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሦስት ነገር ለኩ ይላል። ሰውዬው የመጣበትን ጉዳይ ጨረሰ ወይ? ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜና ልፋት ፈጀበት? ሲወጣስ ምን ተሰማው? "ወደዱት?" የሚለው ጥያቄ የሚነካው ሦስተኛውን ብቻ ነው፣ እሱንም በጎን በኩል። በአገራችን ይህ ዘርፍ እንደ ቅንጦት መታየቱ ያሳዝነኛል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እንደምላቸው፣ አንድ ሶፍትዌር ማለት...

ቡና_ጠጡ
ጋሼ፣ የልጅቷ ቤት እየተቃጠለ ነው፤ እርስዎ የውሃን ኬሚስትሪ እያስተማሩ ነው 😂

ስደተኛው_ቴስተር
እቱ፣ መጠይቁን ተዪው። የእኛን ሰው "ወደድከው?" ብለሽ ብትጠይቂው "በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን" ይልሻል። ይሉኝታ ነዋ። ሁለት ደቂቃ ሲሳደብ ቆይቶ እንኳ እንደዚያው ነው የሚልሽ።

ነገ ቅዳሜ ነው። 5 ሰው ፈልጊ፣ ኮድ የማያውቅ። በየራሳቸው ስልክ፣ በየራሳቸው ዳታ ይክፈቱት፤ በቢሮ ዋይፋይ እንዳይሆን። አንድ ሥራ ስጫቸው፦ "ለእናትህ ለማክሰኞ የጥርስ ቀጠሮ ያዝላት።" "ገጽ ሁለት ላይ ይህን ንካ" እንዳትዪ። የሚያስቡትን ጮክ ብለው እያወሩ ይሥሩ። አንቺ ዝም በዪ። ከባዱ ይሄ ነው፣ አፍሽን በነጠላ እሰሪው። "እዚህ ጋ ምን ልበል?" ሲሉሽ "እኔ ባልኖር ምን ታደርግ ነበር?" ብለሽ መልሺላቸው። ጣታቸው የት ጋ እንደቆመ ጻፊ።

ለምን 5 ብትዪኝ፣ የዚህ ዘርፍ ተመራማሪዎች ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 ባወጡት ስሌት አንድ ተሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያሳያል። 5 ሰው ላይ ስትደርሺ ወደ 85 በመቶ ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ነው ደጋግመሽ የምታዪው።

ዳታ_ይናገር
ተው እንጂ። አለቃዋ ቁጥር ነው ያላት። ከ5 ሰው 2ቱ ቢጨርሱና "የስኬት መጠናችን 40 በመቶ ነው" ብላ ሪፖርት ብታደርግ ውሸት ነው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ እውነተኛው ከ12 እስከ 77 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ለመለካት ከ20 ሰው በታች አትነሺ።

ስደተኛው_ቴስተር
አልተጣላንም ወንድሜ። 5ቱ ችግር ለማግኘት ነው፣ 20ው ለመለካት። ቁጥሩ ግን እጇ ላይ አለ እኮ። ሴሚኮሎን፣ ገጽ ሁለትን ከከፈቱት ስንቱ ገጽ ሦስት ደረሱ? ሰርቨርሽ ያውቃል። ስንት ሰው እንደወጣ ከዚያ ቁጠሪ፣ ለምን እንደወጣ ከ5ቱ ሰው ስሚ። ላገኘሽው ለእያንዳንዱ ችግር ከ0 እስከ 4 ክብደት ስጪው፤ 4 ማለት ሌላው ሁሉ ቆሞ ይሄ ይስተካከል ነው። ለሰኞ በቂ ነው።

ሽሮ_ፈሰስ
አረንጓዴ በተን። ትልቅም ይሁን።

ጳጉሜ_3
የልደት ቀን ላይ ወሩ 12 ብቻ ነው አይደል? እኔ ጳጉሜ 3 ነው የተወለድኩት። ኢንተርኔት ላይ እስካሁን አልተወለድኩም።

ከቀልድ ውጭ ግን፣ የትኛው አቆጣጠር ነው? አንዲት እናት "ልጄ በ2015 ነው የተወለደው" ብላ በእኛ ብትሞላው፣ ፈረንጅኛው ሲስተም ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርበታል። ክሊኒክ ነው ብለሻል። ለሕፃን መድኃኒት ሲታዘዝ ዕድሜ ይታያል እኮ። እንደኔ ከሆነ ይሄ ብቻውን 4 ነው።

ሴሚኮሎን
የልደት ቀኑን ካላንደሩ ራሱ ነው የሚያመጣው፣ በነበረው በፈረንጅ አቆጣጠር ተውኩት። ግን ቀላል እኮ ነው፣ ሰው ይቀይረዋል።

ቡና_ጠጡ
ስክሪንሹት አምጪ። ደግሞ ያለ ሰዓታቸው ይመጣሉ ያልሽው ምንድነው? ቀጠሮው በምን ሰዓት ነው የሚታያቸው?

ሴሚኮሎን
በኖርማል ሰዓት ነዋ። 2:00 ይላል፣ ከጎኑ በትንሹ ፒኤም አለ።

ቡና_ጠጡ
የማን ኖርማል? 😂 ይኸው የካርድ ክፍሏን ልጅ የሚያጣላት። 2:00 ያየ ሰው ጠዋት በ2 ሰዓት ተፍ ይላል፣ ወረፋ ይዞ ስድስት ሰዓት ይጎለታል። ቢጣላ ይፈረድበታል? "ከቀኑ 8 ሰዓት" ብለሽ በአማርኛ ጻፊው። ለዚህ 5 ሰውም አያስፈልግሽ።

ሴሚኮሎን
እግዚኦ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰውን ስወቅስ።

ከገልፍ
እኔም ልጨምር። ለእናቴ ቀጠሮ ልይዝ ስል ብዙ ፎርም 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካልሆነ አይቀበለኝም። የሚከፍለው ውጭ ያለው ልጅ መሆኑን ረስታችሁ ነው? የእናቴን ቁጥር ስሞላ ደግሞ የማረጋገጫ ኮዱ ለእሷ ይላካል፤ በስልክ ስታነብልኝ ጊዜው ያልፋል።

መምህር_ዘመኑ
እርካታን መለካት ካስፈለገ ጆን ብሩክ በ1986 ያዘጋጀው ሰስ (SUS) የሚባል የ10 ጥያቄ መለኪያ አለ፤ ለእያንዳንዱ መልሱ ከ1 እስከ 5 ነው። ተራ ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ ጥያቄዎች (1፣ 3፣ 5...) መልስ ላይ 1 ይቀነሳል፤ የሌሎቹ (2፣ 4፣ 6...) መልስ ከ5 ላይ ይቀነሳል። ድምሩ በ2.5 ይባዛል። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው፣ ግን በመቶኛ አይደለም። የብዙ ሲስተሞች አማካይ 68 ነው። ስትተረጉሚው ተጠንቀቂ፤ ጥያቄዎቹ አንዱ አዎንታዊ አንዱ አሉታዊ እየሆኑ ነው የሚሄዱት፣ በአማርኛ "አልስማማም" እና "አይደለም" ተደራርበው ሰው ያምታታሉ።

ቡና_ጠጡ
ጋሼ ይቅርታ፣ ይሄኛው ጠቅሟል።

ሴሚኮሎን (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡05)
ሦስት ሰው አየሁ፦ የሕንፃችን ጥበቃ፣ የአጎቴ ልጅና አክስቴ። ሦስቱም ገጽ ሁለት ላይ ቆሙ። "የመጨረሻ ስም" የሚለው ሳጥን ነው። ጥበቃው የአያቱን ስም ጻፈ፣ የአጎቴ ልጅ የአባቱን። አክስቴ ደግሞ መነጽሯን አውልቃ "የመጨረሻ ስሜ? ገና ሳልሞት?" አለችኝ። ዝም በዪ ስላላችሁኝ ዝም አልኩ፣ ሳቄን መያዝ ግን አልቻልኩም። እኔ ፈረንጅኛውን ቀጥታ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ሁለት ሰው ይቀረኛል፣ የሰርቨሩን ቁጥርም ማታ አይቼ እመለሳለሁ።

ስደተኛው_ቴስተር
አክስትሽን ሳሚልኝ። ሳጥኑን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አድርጊው። ከዚያ ያንኑ ሥራ ለሌላ ሰው ስጪና ድጋሚ እዪ።

ዳታ_ይናገር (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ሴሚኮሎን፣ ከገጽ ሁለት ስንቱ አለፈ? አለቃሽስ ምን አለ?

ሽሮ_ፈሰስ
በተኑን አረንጓዴ አደረግሽው?