የጨረቃ ሰፈር ጥገና ጌም በጎዶት፦ ስበቱ፣ አየሩና የአማርኛው ፊደል

ጣና_ሳይንስ_ክለብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን የአማርኛ ጌም ጎዶት 4 በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እየሠራን ነው። በጨረቃ ደቡብ ዋልታ፣ ሻክልተን በሚባለው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ያለ ሰፈር በተወርዋሪ አለት ይመታል፤ አራት ጠፈርተኞች አየሩ ሳያልቅ ይጠግኑታል። መነሻችን ናሳ እ.ኤ.አ. በ2010 በነፃ የለቀቀው ሙንቤዝ አልፋ የተባለ ጌም ነው፤ የእሱን የ25 ደቂቃ ገደብ ግን ከክፍለ ጊዜው ጋር እንዲሄድ ወደ 15 አውርደነዋል።

የቸገረን ይኸው። ስበቱን ከምድሩ 9.8 ወደ ጨረቃው 1.62 ስንቀይረው ጠፈርተኛው በአንድ ዝላይ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ከመሬት ተነሥቶም እንደ ልቡ ይታጠፋል። ኦክስጅኑ ከ100 ወደ 0 የሚወርድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ምንም የሚያስተምር አይመስልም። ላፕቶፕ ላይ ደህና የሚታየው አማርኛ ደግሞ ብሮውዘር ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። የኮምፒውተር ላቡ ማሽኖች አሮጌ ናቸው፣ ኢንተርኔትም የላቸውም።

ቀበሌ14_ኮደር፦

ቀላሉ ፊደሉ ነው። የጎዶት የራሱ ፎንት ግዕዝ የለውም። ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ከዊንዶውስ ኢብሪማ ወይም ኒያላ የተባለውን ፎንት ስለሚበደር ነው፤ ብሮውዘር ላይ የሚበደርበት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስገቡና በፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ጂዩአይ፣ ቲም ሥር ከስተም ፎንት አድርጋችሁ ምረጡት። ለነገሩ ላቡ ኢንተርኔት ከሌለው ዌቡን ተዉት፤ የዌብ ኤክስፖርት ሰርቨር ይፈልጋል እንጂ በደብል ክሊክ አይከፈትም። የዊንዶውሱን በፍላሽ ማዞር ይበቃል። ሬንደረሩን (ምስሉን የሚሥለውን ክፍል) ኮምፓቲቢሊቲ አድርጉት፣ ሌሎቹ ቩልካንን የመሰለ አዲስ ድራይቨር ስለሚጠይቁ አሮጌ ማሽን ላይ ላይነሡ ይችላሉ። መብራት እንደሆነ መሄዱ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ጥገና እንዳለቀ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያድርግ።

ወደ ዝላዩ ስንመጣ፣ ከጎዶት ጋር የሚመጣው ዝግጁ ስክሪፕት የመዝለያ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.5 ሜትር ነው። በምድር ስበት ይህ 1 ሜትር ያህል ያስነሣል። በ1.62 ግን 6.25 ሜትር ወጥቶ መሬት እስኪነካ 5.6 ሰከንድ ይፈጃል። 1.8 ብታደርጉት 1 ሜትር ይነሣል፣ 2.2 ሰከንድ ይቆያል፤ ከባድ ልብስ ለለበሰ ሰው ይሄ ይበቃዋል። መታጠፉ የሚመጣው ስክሪፕቱ መሬት የረገጠውንና ያልረገጠውን ሳይለይ በቁልፍ ስለሚያዘው ነው። የአቅጣጫውን መስመር መሬት መርገጡን በሚያጣራው ኢፍ ውስጥ ክተቱት።

አቋቋሙንም እዩት። ያው ስክሪፕት ቁልፉ እንደተለቀቀ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ጨረቃ ላይ ክብደት በስድስት እጅ ይቀንሳል፣ መጠነ ቁሱ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ የጫማው ሰበቃ ይደክማል፣ ሰውየው ይንሸራተታል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ0.8 ብቻ እንዲቀንስ አድርጉ። የወደቀ መፍቻ መንገድ ላይ የሚለግም ከሆነ ደግሞ በፕሮጀክት ሴቲንግስ ያለው ዲፎልት ሊኒየር ዳምፕ ከመጀመሪያው 0.1 ሆኖ ስለሚመጣ ነው። እሱ የአየር ግጭት ምትክ ነው፣ ዜሮ አድርጉት።

የአየር_ሒሳብ፦

የኦክስጅኑ ቁጥር የማያስተምረው መጀመሪያ የሚገድለው ኦክስጅን ማጣት ስላልሆነ ነው። ሒሳቡ ይኸው፦ 5 በ4 በ3 ሜትር የሆነ ዝግ ክፍል 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ኦክስጅን ይወስዳል፣ 1 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። አራት ሰዎች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያው ቆሞባቸው አንድ ቀን ቢውሉ ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 16.7 በመቶ ይወርዳል። የክፍሉ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ከሆነ ይህ የኦክስጅን ግፊት 17 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የባሕር ዳር አየር ግፊቱ 82 ያህል ስለሆነ እኛም እዚህ የምንስበው ኦክስጅን ያው 17 ነው! ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን እስከዚያ 3.7 በመቶ ደርሶ ራሳቸውን እየወቀራቸው፣ ቁና ቁና እያስተነፈሳቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ጠቋሚ ይኑራችሁ፣ የማጣሪያው ጥገናም ከኦክስጅን ማምረቻው ይቅደም። በ15 ደቂቃ እንዲታይ የጌሙን ሰዓት አፍጥኑት።

ሦስተኛ ጠቋሚ ግፊት ነው። ለዚያ ክፍል በየሰከንዱ የሚቀነሰው፣ የወቅቱ ግፊት ሲባዛ በ0.0002 ሲባዛ አየር በሚያወጣው ቀዳዳ ስፋት (በሴንቲሜትር ስኩዌር) ነው። ዲያሜትሩ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ግፊቱን በግማሽ ለማውረድ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል፤ ባለ 2 ሴንቲሜትሩ 18 ደቂቃ ያህል ብቻ። ልጆቹ የትኛውን ቀዳዳ አስቀድመው እንደሚለጥፉ ራሳቸው ይድረሱበት፣ በጽሑፍ አትንገሯቸው።

ጣና_ሳይንስ_ክለብ፦

በጣም እናመሰግናለን። አንድ የቀረን ሶላሩ ነው፦ ፓነሎቹን እዚህ ጣሪያ ላይ እንደምናያቸው አጋድመናቸዋል፣ ጥገናውም ገመድ መሰካት ብቻ ነው።

ፓነል_ጠጋኝ፦

አቁሟቸው። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ላይ ስላለች ፓነል ሊጋደም ትንሽ ነው የሚቀረው። በጨረቃ ዋልታ ግን ፀሐይ ከአድማስ ከ1.5 ዲግሪ ብዙም ከፍ አትልም። ወደ ፀሐይ የቆመ ፓነል በካሬ ሜትር 1361 ዋት ብርሃን ሲያገኝ የተጋደመው 36 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ፣ ፀሐይ ቀስ እያለች ዙሪያውን ስለምትዞር የሚያዞረው ሞተር ይኑር፤ ሞተሩ ሲበላሽ ኃይሉ ቀስ በቀስ መውረዱ ጥሩ እንቆቅልሽ ይወጣዋል።

ገመዱን በተመለከተ፣ ብርሃን ያረፈበት ፓነል ማጥፊያ የለውም። ቅደም ተከተሉ ፓነሉን በጠርዙ ወደ ፀሐይ ማዞር፣ ብሬከሩን ማጥፋት፣ የሶኬቱን አቧራ መጥረግ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አይቶ መሰካት፣ ብሬከሩን ማብራት፣ በመጨረሻ ፓነሉን መመለስ ነው። የመጀመሪያውን የዘለለ ሶኬቱ በብልጭታ ይቃጠልበት፣ ሌላ ሶኬት ከመጋዘን ያምጣ። የጨረቃ አቧራ የሚያለሰልሰው ነፋስም ውኃም ስለሌለ ስለታም ነው፣ ጓንትና ማጠፊያ ይበላል።

ቦታ ከተረፋችሁ የሮቨር (የጨረቃ መኪና) ተልዕኮ ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች የሮቨራቸው የጎማ መከለያ ተሰብሮ አቧራው ሲያዘንብባቸው አራት ካርታ በቴፕ አያይዘው፣ በመቆንጠጫ አስረው ነው የተኩት። ለተጫዋቹ እነዚያኑ ዕቃዎች መጋዘን ውስጥ በትኑለት፣ ትርፍ መከለያ ግን አታስቀምጡለት።